ሞተሩን ምን ያበላዋል?

ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኳል። በመጀመሪያው «እንመካከርበት» ተባለ፤ ይሄ ደንብ ነው፣ ማንም አይከፋበትም። በሁለተኛው ግን የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ተገኘ ከዶዮገና ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ግራ መጋባት ነበር። ቲቶ ሆሳዕና መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃቸው ስለነበር ገና ከሚኒባሱ ሲወርዱ ሮጦ እጃቸውን ያዘ።

«እሺ አሉ?»

«አላሉም።»

«እምቢ አሉ?»

«እሱንም አላሉም» አሉ ጋሽ ተገኘ። «ስለ ዘመድ አዝማድህ ጠየቁን፣ መለስን። ስለ ጸሎትህ ጠየቁን፣ መለስን። ይጠጣል ወይ አሉ፣ ከአምቦ ውሃ በቀር አያውቅም አልን። ሁሉም አልቆ ልንመረቅ ስንል እናትዬዋ ከጓዳ ብቅ ብለው ‹ለመሆኑ ሞተሩን ምን ያበላዋል?› አሉን። አራት ሽማግሌ፣ አንዱ የቀድሞ ርዕሰ መምህር፣ ተያይተን ቀረን። ጸለይንና ወጣን። ሌላ ምን እናድርግ?»

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ሴትዮዋን ታዝኑባቸዋላችሁ። እትዬ ማራኪ ዶዮገና ገበያ ላይ ሠላሳ ዓመት ቅቤ የነገዱ ሴት ናቸው። ሁለት ልጅ ወልደዋል፣ ምስክርንና ሀኒን። ምስክር የዛሬ አራት ዓመት አዲሎ መንገድ ላይ ከሞተር ወድቆ ሞተ። ከዚያ ወዲህ በግቢያቸው ደጃፍ ሞተር አይቆምም፤ የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሲሰሙ እንኳ መስኮት ይዘጋሉ። ታዲያ ሀኒ፣ ሞተር ነድቶ የማያውቅ ወንድ ሁሉ ሞልቶላት ሳለ፣ ማንን ወደደች? ቲቶን! የውሃ ፓምፕ ጠጋኙን፣ ሰኞ ሞርሲቶ፣ ማክሰኞ ገጠር፣ ረቡዕ ሌላ ገጠር በሞተር ሲዞር የሚውለውን! ሞተሩን ተው ቢሉት እንጀራውን ተው ማለት ነው።

እትዬ ማራኪ ሁለት ሳምንት ካሰቡበት በኋላ በሀኒ በኩል ቁርጡን ላኩበት። ቅዳሜ ሆሳዕና እመጣለሁ፣ የሞተሩን ዘይት ፊቴ ይቀይራል፣ አመራረጡን አያለሁ። ደስ ካለኝ ልጄን እሰጣለሁ። ደስ ካላለኝ ግን ሞተሩን ያግባው አሉ።

ቲቶ ዘይት የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። ያውቃል! ለሞተሩ የሚስማማው ጣሳው ላይ የሞተር ሥዕል ያለበት፣ ሃያ ሃምሳ የሚባለው ዘይት መሆኑን ዓይኑን ጨፍኖ ይነግራችኋል። ችግሩ ሌላ ነው። ቲቶ ትልቅ ሰው ፊት እምቢ ማለት አይችልም። አንድ ሽማግሌ መዘምራን ግባ ስላሉት ብቻ፣ ድምፅ የሚባል ነገር ሳይኖረው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አፉን እየከፈተና እየዘጋ ቆሟል። እንዲህ ያለ ሰው አማቱ ልትሆን በምትችል ሴት ፊት ሲቆም ምን እንደሚመስል አስቡት። እሱ አፉን የፈታው በሀዲይኛ፣ እሳቸው በከምባትኛ ነው፤ የሚገናኙት በአማርኛ ነው። ከዚያ ሁሉ አማርኛ ውስጥ ደግሞ ቲቶ ያን ቀን ይዞ የወጣው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ልክ ነዎት»።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ ማራኪ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር በግራ እጃቸው አንጠልጥለው ከሚኒባስ ወረዱ። ቲቶ ሞተሩን ከትናንት ጀምሮ ሲያጥበው ስለነበር ያብረቀርቃል። እሳቸው ሰላምታውን አሳጠሩና ጊደር ሊገዙ እንደመጡ ሰው ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«አምስት ዓመት ነው እናቴ።»

«ስንት ቤት ዞሯል?»

«እኔ ሦስተኛ ነኝ።»

«ሦስት ቤት የዞረ ነገር አንድ ዓመል አያጣም» አሉ።

«ልክ ነዎት እናቴ።»

ወደ ጋሽ ወንዳፈረው ጋራዥ ሄዱ። ጋሽ ወንዳፈረው አባታቸው ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸው ደግሞ ሆሳዕና ውስጥ ያልፈቱት ሞተር የሌለ፣ ግልፍተኛ ግን የማያጭበረብሩ መካኒክ ናቸው። ሞተሩን አስነስተው ትንሽ አሞቁት፣ ከሥሩ ሳፋ አስቀመጡ፣ የማፍሰሻውን ቡሎን ፈቱ። አሮጌው ዘይት ጥቁር ሆኖ ወረደ።

እትዬ ማራኪ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ቁጢጥ አሉ። ጣታቸውን ዘይቱ ውስጥ ነከሩ፣ በእጃቸው ጀርባ ላይ ቀቡት፣ አሹት፣ አሸተቱት። ዶዮገና ገበያ ላይ ቅቤ የሚመረጠው እንዲህ ነው። እሳቸው በዚህ አፍንጫ ቅቤው የየትኛው መንደር እንደሆነ፣ ላሟ ምን እንደበላች፣ ባለቤቷ ስትንጥ ተቆጥታ እንደነበር ሳይቀር ያውቃሉ ይባላል።

«ይሄን ነው ስታበላው የነበረው?» አሉ።

«እትዬ፣ የሠራ ዘይት ይጠቁራል» አሉ ጋሽ ወንዳፈረው።

«የኔም ቅቤ ይሠራል። ሠላሳ ዓመት ወጥ ውስጥ ሲሠራ ጠቁሮ አላየሁም።»

«እሱ ወጥ ውስጥ ነዋ! ይሄ እኮ ብረት ውስጥ ነው!»

«ድስቱስ ምንድን ነው?»

ጋሽ ወንዳፈረው እርዳታ ፈልገው ወደ ቲቶ ዞሩ።

«ልክ ነዎት እናቴ» አለ ቲቶ።

ጋሽ ወንዳፈረው ምን ዓይነት ጉድ መጣብኝ በሚል ዓይን አዩት። ሞተሩ ሆዱ ባዶ ሆኖ እዚያው ቆመ፤ ሦስቱም መንገድ ተሻግረው ወደ ኸይረዲን የመለዋወጫ ሱቅ ገቡ። ኸይረዲን የዘይት ጣሳዎቹን ባንኮኒው ላይ ደረደረ፤ ሰባት ዓይነት ሆነ።

«ክፈታቸው» አሉ እትዬ ማራኪ።

«እማማ፣ የታሸገ እኮ ነው። ከከፈትኩት ማን ይገዛኛል?»

«የታሸገ ቅቤ የገዛች ሴት አይተህ ታውቃለህ? የሃቢባ ልጅ አይደለህም አንተ? እናትህ ሃያ ዓመት ከኔ ስትገዛ አንድም ቀን ሳታሸት ወስዳ አታውቅም። ደውልና ጠይቃት!»

ኸይረዲን እናቱን የሚያውቅ ልጅ ነው፤ መደወሉን አልፈለገም። አላህን እየጠራ ሰባቱንም ከፈተ። እትዬ ማራኪም ሥራቸውን ጀመሩ። ከያንዳንዱ በአውራ ጣት ጥፍራቸው ጠብታ እየወሰዱ ይቀባሉ፣ ያሻሉ፣ ያሸታሉ፤ ክዳኖቹን ፀሐይ ላይ ደርድረው የትኛው ቶሎ እንደሚፈስ ያያሉ። ፍርዱም ተሰማ።

«ይሄ ለጋ ነው። ይሄ መካከለኛ። ይሄ በሳል ነው፣ ለአራስ አይሆንም።»

«አራስ አይጠጣውም እኮ እትዬ!» አሉ ጋሽ ወንዳፈረው ጭንቅላታቸውን ይዘው።

ስድስተኛው ጣሳ ላይ ሲደርሱ ግን እትዬ ማራኪ ፊታቸው ተጨማደደ። ደግመው አሸተቱ። «ይሄ ሌላ ቤት ነበር። አንድ ጊዜ ተበልቶበት ነው የመጣው» አሉ።

«ኧረ እማማ፣ አዲስ ነው! አሁን እፊትዎ ነው የከፈትኩት!»

ጋሽ ወንዳፈረው እስኪ ብለው ከጣሳው አንድ ጠብታ ሶፍት ላይ ጠብ አደረጉ። ጠብታው ሲሰፋ መሀሉ ላይ ጥቁር ቀለበት ጥሎ ቀረ። መካኒኩ ያን ጊዜ እትዬ ማራኪን ያዩበት ዓይን ተለወጠ።

«የተቃጠለ ዘይት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ተጣርቶ እንደገና የታሸገ። ሴትዮ፣ አፍንጫዎትን እግዜር ይጠብቅልዎ።»

ኸይረዲን ከአንድ ሲያልፍ ካገኘው አከፋፋይ መግዛቱን እየማለ የጣሳውን ወንድሞች ከመደርደሪያው አወረደ። ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ መንገድ ወጥቶ ነበር። ሆሳዕናን ታውቋታላችሁ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አንድ ባጃጅ በሱቁ ፊት ተሰለፈ። ሾፌሮቹ የዘይት መለኪያ ዘንጋቸውን እየመዘዙ በሁለት እጃቸው ይዘው ይቀርባሉ፤ እትዬ ማራኪ ያሸታሉ።

«አንተ ሁለት ወር አልቀየርክም።»

«ኧረ ገና አንድ ወር ነው!»

«ሁለት።»

«ሁለት ነው» አለ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ። አንዱ ደግሞ ቻርጅ እምቢ ያለው ሞባይል ይዞ ሲቀርብ «ይሄ የኔ አይደለም» ብለው በአክብሮት መለሱት። ሰልፉ ሲያልቅ እኩለ ቀን ሆኗል።

ከሰባቱ ውስጥ እትዬ ማራኪ የመረጡት አምስተኛውን፣ ወርቃማውን ጣሳ ነው። «ለጋ ይሄ ነው። ሽታውም ደህና፣ ቀለሙም ዓይን ይሞላል» አሉ።

ቲቶ ጣሳውን አዙሮ አየው። ሥዕሉ የቤት መኪና ነው። የመኪና ዘይት ከመጠን በላይ ያንሸራትታል፤ የሞተሩን ጉልበት ይዞ ለጎማው የሚያደርሰው ፍሪሲዮን ደግሞ፣ በሞተር ሳይክል ላይ፣ የሚዋኘው እዚያው ዘይት ውስጥ ነው። ይሄን ጠንቅቆ ያውቃል። ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ልክ ነዎት እናቴ።»

«አንተ!» ብለው ጮሁ ጋሽ ወንዳፈረው። «ይሄ እኮ የመኪና ነው! ፍሪሲዮኑ አይዝም! ባለፈው ወር ለባጃጅ ልጆቹ ስታስተምር የነበርከው አንተ አይደለህ?»

«እርስዎም ልክ ነዎት» አለ ቲቶ።

ዘይቱ ተገዛ፣ በተቆረጠ የሃይላንድ አናት ተንቆረቆረ። ቲቶ ሞተሩን አስነስቶ ዳገቱን ጀመረ። ሞተሩ ሰማይ ጠቀስ ጩኸት ጮኸ፤ መሄድ ግን እምቢ አለ። ነዳጅ በጨመረለት ቁጥር ጩኸቱ ይጨምራል እንጂ ጎማው እንዳኮረፈ ሰው አይነቃነቅም። ጄሪካን የጫነች አህያ ከነባለቤቷ ቀድማው አለፈች። ባጃጅ ነጂዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ቲቶ ሞተሩን እየገፋ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ተመለሰ።

ጋሽ ወንዳፈረው ምክንያቱን አንድ በአንድ አስረዱ። እትዬ ማራኪ ሳያቋርጡ ሰሙ፤ ከዚያ ወደ ቲቶ ዞሩ።

«አንተ ይሄን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር እናቴ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ልክ ነዎት» አለ።

እትዬ ማራኪ አዩት። ቁጣ ቢሆን በተሻለው ነበር፤ ፊታቸው ላይ የመጣው ሐዘን የመሰለ ነገር ነው። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቲቶ ሀኒን እዚያው ቆሞ ያጣት መሰለው።

ወርቃማው ዘይት ተደፋ። ጋሽ ወንዳፈረው ለማጠቢያ ትንሽ ሃያ ሃምሳ አስገብተው እሱንም አፈሰሱት፤ አሁን የቀረው ደህናውን ዘይት ሞልቶ መክደን ነው። እትዬ ማራኪ ሃያ ሃምሳውን መካከለኛ ብለውት ስለነበር እያጉረመረሙ ፈቀዱ።

«አሁን ደግሞ የኔ ድርሻ» አሉና የኮባ ቅጠሉን ፈቱ።

ቅቤ ነው። ብጫ፣ የነጠረ፣ ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት። የጋራዡን የቤንዚን ሽታ በአንድ ጊዜ ዋጠው። «ይሄን ለሱ ብዬ ነው ያዘጋጀሁት። አንድ ማንኪያ ከዘይቱ በፊት ይገባል። ብረቱን ያለሰልስለታል፣ ከክፉም ይጠብቀዋል።»

«ይግባበት!» አሉ ባጃጅ ነጂዎቹ። ከጠዋቱ ተአምር በኋላ ሴትዮዋ ሳሙና ይግባበት ቢሉም ይሄንኑ ይሉ ነበር። «ለኛም ይተርፋል እማማ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ጋሽ ወንዳፈረው ቁልፋቸውን ሳጥን ውስጥ ወርውረው አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ በቃኝ! ያስገቡት። በርበሬም ካለ ይጨምሩበት። ልጁ እንደሆነ ልክ ነዎት ይላል።»

ማንኪያው ወደ ዘይት መሙያው ቀዳዳ ቀረበ። ቲቶ ያውቃል፤ ቅቤ ሲቃጠል ይጓጉላል፣ የዘይቱን መንገድ ይደፍናል። ዘይት ያጣ ሞተር ነክሶ ይቆማል፤ ሞተሩ ሲነክስ የኋላ ጎማው ባለበት ቀጥ ይላል። ቁልቁለት ላይ ከሆነስ? ከኋላው ሀኒ ጃኬቱን ይዛ ተቀምጣ ከሆነስ? እምቢ ቢል ሴትዮዋ ነጠላቸውን አንስተው ይሄዳሉ፤ ሦስተኛ ሽማግሌ የሚረግጠው ደጅ አይኖርም። እሺ ቢል ሀኒን ያገኛታል፣ ከዚያም እዚያው ሞተር ላይ እሱ ራሱ ያስቀምጣታል። «ልክ ነዎት» ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ከምላሱ እጁ ቀደመ። መዳፉ ቀዳዳውን ከደነው። ብረቱ ገና ትኩስ ነው፣ አቃጠለው፤ አላነሳውም።

«አይሆንም» አለ።

«ምን አልክ?»

«አይሆንም እናቴ። ልክ አይደሉም። ቅቤ የገባበት ሞተር ይነክሳል። ሀኒ ከኋላዬ ነው የምትቀመጠው። ቢቆጡኝም፣ ቢከለክሉኝም፣ እንዲህ ያለ ሞተር ላይ አላስቀምጣትም። ሽጠው ካሉኝ ነገ እሸጠዋለሁ። ቅቤው ግን አይገባም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ባጃጅ ነጂዎቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጋሽ ወንዳፈረው ከጎማው ላይ ብድግ አሉ።

እትዬ ማራኪ ማንኪያውን ቀስ ብለው ቅጠሉ ላይ መለሱት። ከዚያ ጋሽ ወንዳፈረው በተነሱበት ጎማ ላይ ተቀመጡ።

«ምስክር ያን ቀን ከአዲሎ ደውሎልኝ ነበር» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይለይ። «‹እማ፣ ዘይት አስቀየርኩ፣ ሽታው ግን ደስ አላለኝም፣ የተቃጠለ የተጣራ ይመስለኛል› አለኝ። ታዲያ ለምን እምቢ አላልክም አልኩት። ‹ሰውየው ትልቅ ሰው ነው እማ፣ አፈርኩ› አለኝ።» አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። «አፈርኩ አለኝ! ቁልቁለቱ ላይ ነከሰበት። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሰው እንዲያከብር አድርጌ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።»

ቲቶ የተቃጠለ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር በዚያች ሰዓት ከነስሙ ጠላው።

እትዬ ማራኪ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ልፈትንህ ብዬ እንዳይመስልህ ደግሞ። ቅቤውን የምሬን ነው። አሁንም ትንሽ ቢገባበት ይጠቅመው ነበር።»

«አይጠቅመውም እናቴ።»

«በአንድ ጣት?»

«በአንድ ጣትም አይሆንም።»

«እሺ» አሉ። «ያንተን ዘይት ሙላ። ሞልተህ ስታበቃ ዶዮገና ታደርሰኛለህ።»

ጋሽ ወንዳፈረው ሮጠው የራሳቸውን ሄልሜት አመጡና ከሻሻቸው በላይ አጠለቁላቸው። እትዬ ማራኪ እግራቸውን ገጥመው በአንድ ጎን ሊቀመጡ ሲሉ ቲቶ «አይሆንም እናቴ፣ ግራና ቀኝ አድርገው ነው የሚቀመጡት» አላቸው። ይሄኛው እምቢታ ከመጀመሪያው ቀለለው። ኸይረዲንም ባጃጅ ነጂዎቹም ሰርገኛ እንደሚሸኝ ሰው እያጨበጨቡ ለቀቋቸው።

ከከተማ ወጥተው እንሰቱ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ሲይዘው ነፋሱ ቀዘቀዘ። ሞተሩ በደህና ድምፅ ይሄዳል። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር የእትዬ ማራኪ ጣቶች የቲቶን ጎን ቆንጥጠው ይይዛሉ፤ እሱም ጎማው በሰው እግር ፍጥነት እስኪዞር ድረስ ያቀዘቅዛል። አንዱ ቁልቁለት ላይ ሄልሜታቸውን ጀርባው ላይ አስደግፈው የልጃቸውን ስም ሲጠሩ ሰማቸው። መንገዱን ብቻ አየ።

ዶዮገና ደጃፉ ላይ ሲቆም ሀኒ የሞተር ድምፅ ሰምታ ደንግጣ ወጣች። በዚያ በር ላይ ሞተር ከቆመ አራት ዓመት አልፎታል። እናቷን ከነሄልሜታቸው ስታይ በሩን ይዛ ቀረች። እትዬ ማራኪ የቲቶን ትከሻ ተደግፈው ወረዱ። ሄልሜቱን አወለቁና ሀኒ እጅ ላይ አኖሩት።

«በየሁለት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ነው የሚቀየረው» አሏት። «እሱ ሰው ያፍራል። እምቢ ያለው ዛሬ ገና ነው፤ እስኪለምደው ድረስ ዘይቱን አንቺ አብረሽው ሄደሽ ታስቀይሪዋለሽ።»